እንዶድ ለልብስ ነው

መድናን አልወዳትም። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል፤ ኋላ ሲታወቅ "ደብቃን ነበር" እንዳትሉኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ግቢ ስንኖር፣ ከአንድ ቧንቧ ስንቀዳ፣ ከዚያች ሴትዮ አፍ አንድ ደግ ነገር ወጥቶ አያውቅም። እኔም ብዙ ደግ ነገር አልተናገርኳትም፤ ወላሂ፣ ጀማሪዋ ግን እሷ ናት።

ስሜ ካልቱን ነው፤ ሥራዬ ልብስ ማጠብ ነው። ድሬ፣ ገንደ ቆሬ ሰፈር ውስጥ ነጭ ልብስ ያለው ሰው ወደ እኔ ይመጣል። የባቡር ሠራተኞች ሸሚዝ፣ የሼኾች ጀለቢያ፣ የሙሽሮች አንሶላ፣ ሁሉም በእኔ እጅ ያልፋል። ሳሙና ግን አልነካም። ከደንገጎ የሚወርዱት የኦሮሞ ሴቶች ወደ ከፊራ ገበያ ይዘውት የሚመጡትን የእንዶድ ፍሬ እገዛለሁ፣ በጥላ አደርቀዋለሁ፣ እወቅጠዋለሁ፣ በውሃ ዘፍዝፌ አሳድረዋለሁ። ለአንገትጌና ለእጅጌ የአመድ ውሃ አለኝ፤ የግራር አመድ በጨርቅ አጥልዬ የማወጣው ነው። ዝገት የነካውን በሎሚና በጨው አሽቼ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አሰጣዋለሁ። የቀረውን የድሬ ፀሐይ ይጨርሰዋል። ያጠብኩበትን ውሃ ፓፓዬ ሥር ነው የምደፋው፤ ዛፉ ይኸው ቆሞ ያፈራል። መድና የሳሙና ውሃዋን እየደፋች የገደለቻትን የሎሚ ችግኝ ግቢው ሁሉ ያውቃል። የኔ ችግኝ ነበረች።

ነገሩ የሆነው በሰባ ሰባት ነው። የቀበሌያችን የኅብረት ሱቅ ሳሙና ከጠፋበት ሦስተኛ ወሩን ይዞ ነበር። ከጅቡቲ በባቡር ተደብቆ የሚገባው ደግሞ የተያዘበትን ሰው ያሳስራል። ሰው ሁሉ ልብሱን በባዶ ውሃ እያለቀለቀ ከተማው ግራጫ ለብሶ ነበር። የኔ ገመድ ላይ ብቻ ነጩ ነጭ ነው። ይህ ነገር ዓይን ውስጥ እንደሚገባ ማወቅ ነበረብኝ፤ አላወቅኩም። እንዲያውም እየኮራሁ በር ላይ ነበር የማሰጣው።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ገዲ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣ። ጓድ ገዲ ድሮ ዳቦ ጋጋሪ ነበር፤ ሸሚዙን አጥቤለት አውቃለሁ። አሁን በኔ በር ላይ ሲቆም እንደማያውቀኝ ሆነ።

"አዴ ካልቱን፣ የኮንትሮባንድ ሳሙና ትደብቂያለሽ የሚል ጥቆማ ደርሶናል።"

"ማነው የጠቆመው?"

"ሕዝቡ።"

"ሕዝቡ መድና የምትባል ሴት ከሆነች አውቃታለሁ" አልኩት።

ገቡና ቤቴን ገለበጡት። ፍራሼን አነሱ፣ የሩዝ ጆንያዬን ደፉ፣ የሟች ባሌን ሳጥን ሳይቀር ከፈቱ። አንደኛው አብዮት ጠባቂ የተወቀጠ እንዶድ ያለበትን ከረጢት ፈትቶ አፍንጫውን ቢያስገባ ማስነጠስ ጀመረ፤ ማቆም አቃተው። ዓይኑ ደም መሰለ፣ እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ። ባልደረባው ሳቀበት። እኔም ሳቅኩ፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሳሙና አላገኙም። ጓድ ገዲ ግን የሚሸነፍ ሰው አይደለም።

"ሳሙና በከተማው የለም። ያንቺ ልብስ ደግሞ ወተት ይመስላል። ይህ በምን መጣ?"

"በእንዶድ። በአመድ። በጉልበቴ።"

"በዛፍ ፍሬ ነው የምትዪኝ?" አለና ደብተሩን ዘጋ። "ጉዳይሽ እሁድ በስብሰባ ይታያል። ካላስረዳሽ ቤቱን ትለቂያለሽ።"

ቤቱን ትለቂያለሽ። ሁለት ክፍል ናት፣ ፊት ለፊቷ ቧንቧና ፓፓዬ ያለባት። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ብቻዬን እኖርባታለሁ። ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ የቀበሌ ቤት ናት፤ ቀበሌ የሰጠውን ቀበሌ ይነጥቃል። ከዚያ ቤት ከወጣሁ መሄጃዬ ገጠር ነው፣ ዋሂል ወንድሜ ጋ። ዋሂል ደግሞ ለዒድ ካልሆነ ነጭ የለበሰ ሰው አይታይም። እዚያ ምን አጥቤ ልበላ ነው? የወንድሜን ሚስት እጅ እያየሁ ልኖር? ያንን ከማይ ብሞት እመርጣለሁ።

እነሱ እንደወጡ መድና ባልዲዋን ይዛ ቧንቧው ጋ መጣች። ውሃ አልቸገራትም፤ ፊቴን ልታይ ነው።

"እንግዳ ነበረሽ እንዴ?" አለችኝ።

"ነበረኝ። ሲወጡ ስምሽን ጠርተው አመሰገኑ።"

አላፈረችም። ባልዲዋን ቧንቧው ሥር አስቀመጠችና እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"ሁለት ክፍል ይዘሽ ለብቻሽ ትንፈላሰሻለሽ። እኔ ከልጄ፣ ከባሏና ከሕፃኗ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ታፍኛለሁ። ቢላን የምትተኛው ጠረጴዛ ሥር ነው። የአምስት ወር ልጅ፣ ጠረጴዛ ሥር። አላህ ያያል።"

"አላህ ያያል፤ ለቀበሌ ግን አይጠቁምም።"

ባልዲው ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ ተያየን። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ስለ ሕፃኗ ያለችው እውነት ነበር። ያኔ ግን ደሜ ፈልቶ ነበርና የሰማሁት ቤቴን እንደምትፈልግ ብቻ ነው።

እሁድ ጠዋት የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። የቀረ ሰው የሱቅ ካርዱ ስለሚያዝ ማንም አይቀርም። ከፊት ለፊት መድና ተቀምጣለች፣ ቢላንን ታቅፋ። የልጅቱ እናት ሃዎ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈረቃ ስለምትገባ ሕፃኗ ቀኑን ሙሉ ከአያቷ ጋር ናት። የጎረቤቴን የዛምዛምን ፊት አየሁ፤ የልጇን የሠርግ ልብስ ከአሥር ቀን በፊት ነው ያጠብኩላት። ሰላምታ ስሰጣት መሬት አየች።

ጓድ ገዲ ስለ ምርት፣ ስለ ንቃት፣ ስለ አሻጥር ተናገረ። ላቡን ጠረገ። ከዚያ ስሜን ጠራ። መድና ተነሳችና የኔ ነጭ ልብስ የሳሙና ሥራ እንጂ የፍሬ ሥራ እንዳልሆነ፣ ድሃው ሕዝብ ሳሙና አጥቶ እኔ እንደምጠግብ፣ ሁለት ክፍል ይዤ እንደምንደላቀቅ አንድ በአንድ ዘረዘረች። አፏ ማር ነው ሲያስፈልጋት።

"ቤቱን ትልቀቅ የምትሉ እጅ አውጡ" አለ ጓድ ገዲ።

እጆቹን አየሁ። የዛምዛም እጅ ወጣ። ከኔ ጋር ከአንድ ትሪ የበሉ ሴቶች እጅ ወጣ። አንዳንዱ ፈርቶ ነው፣ አንዳንዱ ቀንቶ ነው፤ ለእኔ ልዩነት አልነበረውም። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም። ተነሳሁ።

"አንድ ቆሻሻ ልብስ ስጡኝ" አልኩ። "እዚሁ ዓይናችሁ ሥር ላጥብ። ካልነጣ ዛሬውኑ እወጣለሁ።"

አዳራሹ ተንጫጫ። ጓድ ገዲም ቢሆን ሰው ነው፣ ትዕይንት ይወዳል። "ይሁን" አለ። መድና ጊዜ አላጠፋችም፤ ቢላን የተጠቀለለችበትን ነጭ ጨርቅ ፈታ ወረወረችልኝ። የማንጎ ጭማቂ ጠጥቷል፣ የላምባ ጥላሸት ጠጥቷል፣ የሕፃን ነገርም አለበት። ማንጎ ልብስ ላይ ሲደርቅ ምን እንደሆነ አጣቢ ያውቃል። እሷም አውቃ ነው የመረጠችው።

ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። ከቤት ተዘፍዝፎ ያደረውን እንዶድ አስመጣሁና አጥልዬ ገንዳው ላይ ገለበጥኩት። በእጄ ስመታው አረፋው ጢም ብሎ ተነሳ፤ ከኋላዬ "ኧረ፣ እውነት ነው እንዴ" ሲሉ ሰማሁ። ማንጎውን መጀመሪያ በአመድ ውሃ ነከርኩት፣ አሸሁት፣ ተውኩት፣ እንደገና አሸሁት። ለፀሐይ ዘረጋሁት፣ ውሃ ረጨሁበት፣ ደግሜ ዘረጋሁት። እጄ ቆስሎ ነበር፤ አመድ ቁስል ላይ ሲገባ ነፍስ ያወጣል። አላቆምኩም። ስብሰባው ተረስቶ ሰው ሁሉ ከቦኝ ቆሟል። አንድ ሰዓት ይሁን ሁለት እንጃ፤ ጨርቁን አንስቼ ለጓድ ገዲ ስሰጠው ማንጎው የለም፣ ጥላሸቱ የለም። አሸተተው። የምንም ሽታ የለውም።

"መድና፣ ልጅሽን ጠቅልይ" አልኳት።

ጨርቁን ተቀበለች። ጨርቁን ስትቀበል የነበረው ፊቷ እስካሁን ደስ ይለኛል ብል ውሸቴን ነው፤ ያን ቀን ግን ደስ ብሎኝ ነበር፣ በጣም።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ጓድ ገዲ ግን በሳሙናው ጉዳይ ከበላዮቹ ወቀሳ ሲወርድበት የከረመ ሰው ነው። መድኃኒቱ እግሩ ሥር ወደቀለት። በረንዳው ላይ ወጣና ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ከእንግዲህ ይህ ቀበሌ የኢምፔሪያሊስት ሳሙና አይናፍቅም። በራሳችን ፍሬ እንታጠባለን። ልብሳችንን በእንዶድ፣ ዕቃችንን በእንዶድ፣ ገላችንን በእንዶድ፣ ሕፃናቶቻችንን በእንዶድ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አይደለም እንዴ፣ ጓድ ካልቱን?"

አይደለም። እንዶድ ለልብስ ነው። ለገላ ቀሲል አለ፤ የቁርቁራ ቅጠል ደርቆ የሚፈጨው። የሶማሌ ሴት ፀጉሯንም ፊቷንም የምትታጠበው በሱ ነው። እንዶድ ግን የሚቆጣ ነገር ነው፤ የቆዳ ጠላት ነው፣ ዓይን ከገባ ያቃጥላል። እናቴ እንዶድ ስትወቅጥ እኛን ልጆቿን ከግቢ ታስወጣ ነበር። እኔ ራሴ ከሥራ በኋላ እጄን ሦስት ጊዜ ሳላለቀልቅ ፊቴን አልነካም። ይህን የገጠር ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። የከተማዎቹ፣ በተለይ በሳሙና ያደጉት ወጣቶቹ፣ ከየት ያውቁታል?

አፌን ከፈትኩ። ጓድ ገዲ ያየኛል። አሁን በሕዝብ ፊት ተሳስተሃል ብለው ያቺ የዳነችው ቤቴ ተመልሳ ትጠየቃለች፤ ይህ አንድ ነገር ነው። ግን ፍርሃት ብቻ ነበር ብዬ አልዋሽም። ዞር ስል ዛምዛም ታጨበጭባለች። እነዚያ ትልቀቅ ብለው የወጡ እጆች ሁሉ አሁን ያጨበጭባሉ። ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር "ይታጠቡበት" አለ። "ይቅመሷት" አለ። አፌን መልሼ ዘጋሁ። ጓድ ገዲ ዝምታዬን እንደ አዎንታ ወሰደውና ወደ ሕዝቡ ተመለሰ።

ማክሰኞ የቀበሌው መኪና ወደ ደንገጎ ወጥቶ በጆንያ እንዶድ ጭኖ መጣ። የኅብረት ሱቁ በካርድ አደለው። ለኔ ደግሞ ማኅተም ያለበት ወረቀት መጣልኝ፤ ቤቱ በስሜ እንዲቀጥል ተወስኗል ይላል። ወረቀቱን አጣጥፌ ቁርአኔ ውስጥ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ አሮጊቷ ሃሊሞ ምርኩዟን ይዛ ደጃፌ መጣች። ዓይኗ በደንብ አያይም፣ ጭንቅላቷ ግን ንጹሕ ነው።

"ልጄ፣ እኛ በዘመናችን ለገላ ቀሲል ነበር የምናውቀው። አሁን በእንዶድ ነው የሚሉት። ሰዉን ስጠይቅ ካልቱን ቆማ ሰምታለች፣ ስህተት ቢሆን ትናገር ነበር ይሉኛል። አዲስ ነገር መጣ እንዴ?"

"ጓድ ገዲን ጠይቂው" አልኳት።

"እሱ አጣቢ አይደለም፤ አንቺ ነሽ አጣቢ።"

"እማማ ሃሊሞ፣ ሥራ አለብኝ" አልኩና ገባሁ። ምርኩዟ ጠጠሩ ላይ ሲንኳኳ እየራቀ ሄደ። ያቺ አሮጊት እጅ አላወጣችብኝም ነበር፤ በእርጅናዋ ስብሰባ ከተተወላት ዓመት አልፏታል። ለሷ እንኳ መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሰፈሩ ሲያስነጥስና ሲያክ ሰነበተ። ቧንቧው ጋ የሴቶቹን ክንድ አየሁ፤ ቀልቷል፣ ተልጧል። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ውሃዬን ቀዳሁ። ይበላቸው፣ ከዚያ በላይ አይሆንም፣ ይተዉታል ብዬ አሰብኩ። ክፉ መሆን እንዲህ ቀላል ነው፤ ሰው ዝም ብሎ ውሃ ይቀዳል።

ቅዳሜ ጠዋት የቤቴ በር ተደበደበ። ስከፍተው መድና ናት፣ ሻሿ ወድቆ፣ ጫማዋን ሳታደርግ። ቢላንን ታቅፋለች። ሕፃኗ ድምፅዋ አልቆ ነበር፤ እንደ ማልቀስ ትልና አየር ብቻ ይወጣል። የዓይኖቿ ቆብ አብጦ ተጣብቋል፤ ቲማቲም ይመስላል።

"ትናንት ማታ አጠብኳት" አለች። "ፀጉሯን። አረፋው ዓይኗ ገባ። በውሃ አጠብኩላት፣ ይተዋታል ብዬ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ... ካልቱን፣ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ምን ላድርግ?"

አሥራ ሁለት ዓመት ስንሰዳደብ እንዲህ ብላ ጠርታኝ አታውቅም። ልጅቱን ተቀበልኳት። አፍልቼ ያቀዘቀዝኩት ውሃ ነበረኝ፤ ጭኔ ላይ አስተኝቼ እያንዳንዱን ዓይን በጥጥ አጠብኩ፣ እንደገና አጠብኩ፣ ውሃው እስኪያልቅ አጠብኩ። ቆቡን ቀስ ብዬ ስከፍተው ግራ ዓይኗ ላይ ብሌኑ ነጭ ለብሷል። በእጄ ያለው ልጅ ነው፤ የመድና ቤት፣ የመድና ምላስ፣ የመድና ጥቆማ የሚባል ነገር እጄ ላይ የለም። የአምስት ወር ልጅ ብቻ ናት።

"ተነሺ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ" አልኳት። ልጅቱን እኔው እንደታቀፍኩ ሮጥን።

ጤና ረዳቱ ባትሪ አብርቶ አያት፣ ጠብታ አደረገላት። ቀኙ ይድናል አለ። ግራውን ሐረር ያሉ ሐኪሞች ይዩት፣ እኔ ግን ተስፋ ልሰጣችሁ አልችልም አለ። በምን እንደታጠበች ጠየቀ። መድና ነገረችው። አቤት፣ እንዴት ብሎ አያት። ወረቀት እስኪጻፍላችሁ ውጭ ተቀመጡ አለን።

ኮሪደሩ ላይ አንዲት አግዳሚ ነበረች፣ ሁለት ሰው የምትይዝ። ተቀመጥን። ቢላን ጠብታው አደንዝዟት እጄ ላይ ተኝታለች። መድና እጇን ታያለች፣ ያጠበችበትን እጅ፣ እያገላበጠች።

"የኔ ጥፋት ነው" አለች። "ልጄ ከፈረቃ ስትወጣ ምን እላታለሁ?"

የቢላንን ጨርቅ አስተካከልኩ።

"አንቺን የጠቆምኩት እኔ ነኝ፣ ታውቂያለሽ። ይኸው አላህ ከፈለኝ።" በሻሿ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። "ሰዎቹ ካልቱን እያወቀች ነው ዝም ያለችው ይላሉ፣ ሰምተሻል? ዛምዛም ትናንት ብላኛለች። እኔ ነኝ የተከራከርኳት። እንጣላለን እንጂ እንዲህ ያለች ሴት አይደለችም አልኳት። ብታውቅ ለሌላው እንኳ ባይሆን ለሕፃን ትናገር ነበር አልኳት። አላወቅሽም አይደል?"

ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝ። አላወቅኩም ማለት ቀላል ነበር። የምትፈልገውም እሱን ነው። ቤቴም አለች፣ ወረቀቱም አለ፣ ጠላቴ ራሷ ምስክር ሆናልኛለች። አንድ ቃል ብቻ ነው የጎደለው። ብዙ ጊዜ ዋሽቼ አውቃለሁ፣ ለመድናም ብዙ ዋሽቻለሁ። ልጅቱ ግን እጄ ላይ ናት፤ ትንፋሿ ክንዴን ይነካል።

"አውቅ ነበር" አልኳት።

እንደምትሰድበኝ ጠብቄ ትከሻዬን አጥብቄ ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ እጇን ከሕፃኗ ሥር አስገብታ ከኔ ላይ አነሳቻትና ከአግዳሚው ተነሳች። ኮሪደሩ ላይ ሌላ መቀመጫ አልነበረም። ወረቀቱ ተጽፎ ስሟ እስኪጠራ ድረስ ልጅቱን ታቅፋ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።